ሠላሳ ከመቶው የምን ሠላሳ ከመቶ ነው?

ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ፊልቱ፤ በእነዚህ የደቡብ ቆላ ከተሞች የባንክ አክሲዮን ሊሸጥ የመጣ ሰው ንግግሩን የሚጀምረው በአንድ ቁጥር ነው። «አምና ለባለአክሲዮኖቻችን ሠላሳ ከመቶ የትርፍ ድርሻ አስገኝተናል» ይላል። አንዱ ሃያ አምስት ይላል፣ ሌላው አርባ። ሰው ይሰማል፣ ያጨበጭባል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ከብት ሸጦ ያገኘውን ብር ይከፍላል። ከፊርማው በፊት ግን አንድ ጥያቄ መቅደም ነበረበት፦ ሠላሳ ከመቶው የምን ሠላሳ ከመቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በታተመው ዋጋ ነው። የታተመው ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ ሠላሳ ከመቶ ማለት 300 ብር ነው። እርስዎ ግን አክሲዮኑን የገዙት በ1,000 ብር ነው? ሥራ ጀምሮ ስም ያወጣ ባንክ አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ከታተመው ዋጋ በላይ ጭማሪ መጠየቁ የተለመደ ነው። 500 ብር ጨምረው በ1,500 ከገዙ ያው 300 ብር ለእርስዎ ሃያ ከመቶ ነው። ሻጩ አልዋሸም። የነገረዎት ግን በታተመው ዋጋ የገዛውን የመሥራቹን ትርፍ ነው፤ የእርስዎን አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ ከጠየቀዎት እሱንም ይደምሩት፤ ከኪስዎ የወጣ ብር ነውና። የከፈሉበት ቀንም ይታሰባል። ሒሳቡ የሚዘጋው በሰኔ ስለሆነ ሚያዝያ ላይ የከፈለ ሰው ሙሉ ዓመቱን ሳይሆን ብሩ የቆየበትን ጊዜ ያህል ብቻ ያገኛል። «ሠላሳ ከመቶ አሉኝ፣ ስድስት ከመቶ ሰጡኝ» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ደቂቃ ወስዶ ይህን ማስረዳት ምን ይከብድ ነበር?

የተገዛበት ዋጋ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሞያሌ ድንበሩን መሻገር ይበቃል። የኬንያው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2008 አንዱን አክሲዮን በ5 ሺልንግ ለሕዝብ ሲሸጥ ከ800 ሺህ በላይ ኬንያውያን ተሰልፈው ገዙ። ወራት ሳይቆይ ዋጋው ከ5 ሺልንግ በታች ወረደ። ደንግጦ የሸጠ ከሠረ፤ ለታገሠው ግን በኋላ በዓመት ለአንድ አክሲዮን 1.20 ሺልንግ የተከፈለበት ጊዜ ደረሰ። በ5 ሺልንግ ለገዛው ይህ ሃያ አራት ከመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዋጋው ከ40 ሺልንግ በላይ በወጣበት ሰሞን ለገዛው ግን ሦስት ከመቶ እንኳ አይሞላም። ኩባንያው አንድ ነው፣ ክፍያውም አንድ ነው። ታዲያ «ሳፋሪኮም ጥሩ ይከፍላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምን ትርጉም አለው? በስንት ለገዛ ሰው?

ወደ ባንኮቻችን እንመለስ። «አተረፍን» የተባለው ብር እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ በስንት በር ያልፋል? ባንኩ 100 ብር አተረፈ እንበል። 30 ብሩ የትርፍ ግብር ነው፤ 70 ይቀራል። ከዚህ ሩቡን፣ ማለትም 17 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ባንኩ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ይህ አይቀርም። 52 ብር ከ50 ቀረ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ በትርፍ ድርሻ ላይ 10 ከመቶ ጥሎ ነበር። በዚያ ስሌት እጅዎ የሚደርሰው 47 ብር ገደማ ነው፤ ያውም የባለአክሲዮኖች ጉባኤ «የቀረው ሁሉ ይከፋፈል» ካለ። እና በአዳራሹ የተነገረው ሠላሳ ከመቶ የተሰላው ከየትኛው በር ላይ ነው? ከመጠባበቂያው በፊት ወይስ በኋላ? መልሱን የማይናገር ሰው ቁጥሩን ባይናገር ይሻል ነበር።

ትርፉ ከየት እንደመጣ መጠየቅም የሚያሳፍር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በኋላ ጣሪያውን ከፍ አደረገው። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ዶላሩም በአንድ ጊዜ ናረ። በዚያ ሰሞን ከምንዛሪ ልዩነት የመጣ ገቢ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል? የተበላሸው ብድር ስንት ነው? ለሱ የተያዘው መጠባበቂያስ? በየዓመቱ በሚደጋገም ገቢ የሚከፈል የትርፍ ድርሻና አንድ ጊዜ በወደቀ ሲሳይ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ በመቶኛ እኩል ቢሆኑም ለገዢው እኩል አይደሉም።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ላለ ገዢም ይሠራል። ቆላው ላይ ግን ከዚህ የሚብስ ጥያቄ አለ፦ ብሩ በእጅ ይገባል ወይ?

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በዙሪያው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። የስንቱ መንጋ በዓይኑ ፊት አለቀ። ከዚያ በኋላ «ሀብታችሁን በከብት ብቻ አታኑሩ» የሚል መካሪ በዛ፤ ምክሩም ትክክል ነው። አክሲዮን ሻጩም ይህንኑ ይዞ መጣና «አክሲዮንን ድርቅ አይገድለውም» አለ። እውነት ነው፣ አይገድለውም። ድርቅ ሲመጣ ግን ያበላል? ቦረና ውስጥ ላም የሚገዛ ሰው እናቷን ይጠይቃል፣ ስንት እንደወለደች ይጠይቃል፣ ከሁሉም በላይ በበጋው ስንት እንደምትታለብ ይጠይቃል። በዝናብ ጊዜ ሁሉም ላም ይታለባል። አክሲዮንም በዚያው ዓይን ቢታይ ምን ነበረበት?

የሚሆነውን እንመልከት። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጠ። ልብ በሉ፤ ድርቁና ይህ መመሪያ የገጠሙት በአንድ ሰሞን ነው። ካፒታል የጎደለው ባንክ ብሩን ከየት ያመጣል? አንድም አዲስ አክሲዮን ይሸጣል፣ አንድም የነባሮቹን ትርፍ ሳይከፍል ወደ ካፒታል ያዞራል። ብዙዎቹ ሁለቱንም አደረጉ። ከብቱ የሞተበት ባለአክሲዮን በዚያ ወራት የደረሰው ዜና «ትርፍዎ ወደ አክሲዮን ተቀይሯል» የሚል ከሆነ፣ ለመኖና ለውኃ ቦቴ የሚሆነው ብር የት ነበር?

ነገሌ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ ተነሥተው የጠየቁትን አልረሳም። «ልጄ፣ ሠላሳውን ሰማሁ። በድርቁ ጊዜ ለሰው በእጁ የሰጣችሁት ስንት ነው?» አሉት። ወጣቱ ሻጭ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ያን ጊዜ ጉባኤው ካፒታል ይደግ ብሎ ስለወሰነ…» ሲል ሳይጨርስ አቋረጡት። «እሱን አልጠየቅሁህም። በእጁ ስንት?» ልጁ መልስ አልነበረውም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያልሰጡትን መረጃ ከየት ያመጣል? የላኩት ሰዎች ሠላሳውን አስጠንተው ሌላውን ሳያስጠኑ ነው የላኩት። እኔን የሚያናድደኝ የልጁ ዝምታ አይደለም፤ ያንን ጥያቄ ሰምቶ እንኳ ቅጹን የሚሞላው ሰልፍ አለመቀነሱ ነው።

ለባለአክሲዮኑ የሚታደለውን የአክሲዮን ወረቀት ቀረብ ብለው ይዩት። አምና 50 አክሲዮን ይል የነበረው ዘንድሮ 62 ይላል። ባለቤቱ አደግሁ ብሎ ይደሰታል። የባንኩ ጠቅላላ አክሲዮንም በዚያው ልክ ካደገ ግን ከባንኩ ላይ ያለው ድርሻ ያው ነው። ጠቅላላው ከዚያ በላይ ካደገማ፣ ለምሳሌ ለአዳዲስ ገዢዎች ብዙ ተሸጦ ከሆነ፣ 62ቱ አክሲዮን ከአምናው 50 ያነሰ ድርሻ ነው። ቁጥሩ ጨምሮ ድርሻው መቀነሱን የሚነግረው ማን ነው?

ካፒታል ማሳደግ በራሱ ጥፋት ነው አልልም። አትራፊ ባንክ ትርፉን አስቀርቶ ቢሠራበት ባለአክሲዮኑ በጊዜው ይጠቀማል። ጥያቄው ያስቀረው ብር ምን አመጣ የሚለው ነው። 2 ቢሊዮን ብር ካፒታል ይዞ 600 ሚሊዮን የሚያተርፍ ባንክ ካፒታሉን 4 ቢሊዮን አድርሶ 800 ሚሊዮን ቢያተርፍ፣ ማስታወቂያው «ትርፋችን በ200 ሚሊዮን አደገ» ይላል። ለአንድ አክሲዮን ግን ከሠላሳ ወደ ሃያ ከመቶ ወርዷል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። አዳራሹ የሚሰማው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የሚያሳዝነው የክፍያው ወቅት ለቆላው የተመቸ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ባንኮች ጠቅላላ ጉባኤያቸውን የሚያካሂዱት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከዚያ እስከ መጋቢቱ ዝናብ ያለው ጊዜ ደግሞ በቦረናና በጉጂ ቆላ ግጦሹ የሚያልቅበት፣ ውኃው የሚርቅበት ጊዜ ነው። የትርፍ ድርሻው በጥሬ ብር፣ ቀኑን ጠብቆ ቢመጣ፣ ከብቱ ከስቶ በርካሽ ከመሸጥ አንዱን ሰው ያድን ነበር። ባንኮቹ ለባለአክሲዮን «በጥሬ ልውሰድ» ወይም «ወደ ካፒታል ይዙርልኝ» የሚል ምርጫ ለምን አይሰጡም? ካፒታሉ ከሞላ በኋላስ ይህን ምርጫ ለመከልከል ምን ምክንያት ይቀራል?

የብር ዋጋ መውረድም አለ። በ2015 በጀት ዓመት የዋጋ ንረቱ በአማካይ ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ሠላሳ ከመቶ የተከፈለው ሰው፣ ግብሩ ሳይነሳ እንኳ፣ ምን አተረፈ? በ2010 ዓ.ም. 100,000 ብር በባንክ ምንዛሪ 3,700 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2016 ማብቂያ ከ1,000 ዶላር በታች ሆነ። የሞያሌ ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከብቱን በሺልንግ እያሰበ ነው የሚገዛውና የሚሸጠው። አክሲዮኑን ግን በብር መቶኛ ይለካል። በተመሳሳይ ብር አምስት ዓመት ቀድሞ ስንት ወይፈን ይገዛ እንደነበር፣ እስካሁን የተከፈለው የትርፍ ድርሻ ተደምሮ ዛሬ ስንት እንደሚገዛ ያሰላ ባለአክሲዮን ስንት ነው?

መንግሥት ራሱ የሸጠውን አክሲዮንም በዚሁ ሚዛን እናስቀምጠው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ከድርሻው 10 ከመቶውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ግዢው በቴሌብር ስለሆነ የነገሌውም የቦሌውም ሰው እኩል ዕድል አገኘ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ስሌቱስ? 10 ከመቶው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ከሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን ነው፤ በ300 ብር ሲባዛ ኩባንያው 300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት አተረፍኩ ያለው ከ21 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ለአንድ አክሲዮን 21 ብር ከምናምን፤ ሁሉም ቢከፋፈል እንኳ በ300 ብር ለገዛ ሰው ሰባት ከመቶ ገደማ ይሆናል። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ለተራ ቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድም ሰባት ከመቶ ነው። ስለዚህ የገዛው ሰው የገዛው የዛሬውን ክፍያ ሳይሆን የነገውን ዕድገት ነው። ያ ክፉ ግዢ ላይሆን ይችላል። ግን ይህን አውቆ የገዛው ስንቱ ነው፣ «ቴሌ እኮ ብዙ ያተርፋል» ብሎ የገዛውስ? ሽያጩ ከተራዘመ በኋላ እንኳ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ብቻ ነው። ያልገዛው ሕዝብ ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ አስልቶ?

ሌላው ዝም የሚባልበት ጉዳይ መውጫው ነው። ልጅ ሲታመም ከብት ወደ ዱቡሉቅ ገበያ ይነዳል፤ በዕለቱ ዋጋ ይወጣለታል፣ በዕለቱ ይሸጣል። አክሲዮኑን ለመሸጥስ? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ገዢ ራስዎ ፈልገው፣ ዋጋ ተስማምተው፣ ስም ለማዛወር የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ድረስ መሄድ ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ገዳ ባንክም ተከተለ። ይህ ለቆላው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አክሲዮኑ በአደባባይ የሚታይ ዋጋ ይኖረዋል ማለት ነውና። እዚህ አካባቢ አክሲዮን የሸጡት ሌሎቹስ ገበያው ላይ የሚመዘገቡት መቼ ነው? ከተመዘገቡ በኋላ የፊልቱ ባለአክሲዮን ትዕዛዝ የሚሰጠው በማን በኩል ነው? ይህን የማይመልስ ሻጭ «በፈለጉ ጊዜ ይሸጡታል» ማለት አይገባውም።

ከሁሉም በላይ ግን አክሲዮኑ የሚሸጥበትን ቋንቋ መተቸት እፈልጋለሁ። «የራስህ ባንክ ነው» ይባላል። ባንክ ያልደረሰው ሕዝብ የራሱ የሚለው ባንክ ማግኘቱ የሚያኮራ ነው፤ ይህን ኩራት አላጣጥልም። ወለድ የማይበላው ሙስሊምም በ2013 ዓ.ም. ከወለድ ነፃ ባንኮቹ ዘምዘምና ሒጅራ ሲከፈቱ የተደሰተበት ምክንያት እውነተኛ ነው። ነገር ግን የራሱ ከሆነ ከማንም በፊት ሒሳቡ ሊነገረው የሚገባው እሱ አይደለም? ወገን መሆኔ ሲሸጥልኝ የሚታወስ፣ ሪፖርት ሲታተም የሚረሳ ከሆነ ምን ዓይነት ወገንነት ነው? በነገሌ አዳራሽ በኦሮምኛ፣ በፊልቱ በሶማልኛ የተቀሰቀሰ ሰው የኦዲት ሪፖርቱን የሚያነበው በየትኛው ቋንቋ ነው? አክሲዮኑን በአባላቱ ስም የገዛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የማኅበሩ የትርፍ ድርሻ እስከ አርብቶ አደሩ ደርሶ ያውቃል ወይስ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይቆማል?

አዋሽ ባንክን በ1987 ዓ.ም. የመሠረቱት 486 ሰዎች ታሪክም በየአዳራሹ ይነገራል፤ በ24.2 ሚሊዮን ብር ጀምረው የት እንደደረሱ። ታሪኩ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን የግል ባንክ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ባንኮቹ ከ30 በላይ ናቸው፣ በ2017 በወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ተፈቅዷል። የዛሬ ገዢ የ1987ቱን ትርፍ የሚጠብቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ትርፉን የሚወስነው ጉባኤ ደግሞ ከነገሌ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ሃምሳ አክሲዮን ያለው ሰው ለትራንስፖርትና ለአልጋ አውጥቶ አይሄድም፤ የውክልና ወረቀት ይፈርማል። ወረቀቱ የሚሰበሰበው ለማን ነው? ብዙ ጊዜ ለቦርድ ምርጫ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው። ትርፉ በጥሬ ይከፈል ወይስ ወደ ካፒታል ይዙር የሚለው ውሳኔም በዚያው ድምፅ ያልፋል። ስለዚህ የከብት ነጋዴው «በእጁ ስንት?» ያሉት ጥያቄ አዳራሹ ውስጥ ካልተመለሰ ውክልና ለሚለምነው ሰው ይቅረብ። ድምፄን ወስደህ በምን ላይ ልትሰጠው ነው?

የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ መግለጫ አስመዝግቦ እንዲያወጣ ያስገድዳል። መግለጫው ግን ረጅም ነው፣ በባለሙያ ቋንቋም የተጻፈ ነው። ከሱ ጋር አንድ ገጽ ብቻ ቢጨመር ይበቃ ነበር፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ለአንድ አክሲዮን በጥሬ ብር የተከፈለው ስንት እንደሆነ፣ ወደ ካፒታል የዞረው ስንት እንደሆነ፣ በዛሬው የመሸጫ ዋጋ ሲሰላ ስንት ከመቶ እንደሚሆን፣ በገዢው ቋንቋ። የሚያስፈልገው ቁጥር ሁሉ በየባንኩ የአክሲዮን ክፍል መዝገብ ውስጥ አለ። አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ታዲያ እስካሁን ለምን አልታተመም?